ስለ ትምህርት ቦርድ አባላት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

በቴክሳስ የሚኖሩ ብዙ ወላጆቻችን ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ቅር ሲላቸው ለጓደኛ አውርተው ይተዉታል። የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረውን ዲስትሪክት የሚመራው ቦርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕዝብ የመረጠው ነው፤ አባላቱም በብዙ ቦታ 7 ናቸው። ከቦርዱ የሚያርቁን ደግሞ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች ናቸው።

“የቦርድ አባል ከፈለገ መምህር ያባርራል።” ብቻውን ማንንም ማባረር አይችልም። ሥልጣኑ የቦርዱ ነው፤ ያውም በሕጋዊ ስብሰባ ድምፅ ሲሰጥ። ቦርዱ ሱፐርኢንተንደንቱን፣ ማለትም የዲስትሪክቱን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ይቀጥራል፣ ይገመግማል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ፖሊሲ ያወጣል። የዕለት ተዕለቱ ሥራ የሱፐርኢንተንደንቱ ነው።

አንዲት እናት “ልጄን አስተማሪዋ በደለቻት” ብላ ብትደውልለት፣ ጥሩ የቦርድ አባል መጀመሪያ መምህሯን፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩን እንድታነጋግር ይነግራታል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽሽት ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። አቤቱታው ደረጃ በደረጃ ሄዶ ቦርዱ ፊት ሊቀርብ ይችላል። ያን ጊዜ ከሚወስኑት አንዱ እሱ ነው። የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አስቀድሞ አቋም ከያዘ እንዴት በሐቅ ይፈርዳል?

“ለዚህ የትምህርት ባለሙያ መሆን ያስፈልጋል።” ሕጉ ዲግሪ አይጠይቅም። ዜግነት፣ በዲስትሪክቱ ውስጥ መኖርና በመራጭነት መመዝገብ ከዋናዎቹ መስፈርቶች ናቸው። ነርሷም ሾፌሩም መወዳደር ይችላሉ። ሥራው ደመወዝ አለው የሚሉም አሉ፤ የቴክሳስ ሕግ ግን ያለ ክፍያ ነው የሚለው።

“ቦርዱ ከልጄ ውጤት ጋር ምን አገናኘው?” ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የቴክሳስ ሕግ እያንዳንዱ ቦርድ ለ3ኛ ክፍል ንባብና ሒሳብ የአምስት ዓመት ግብ እንዲያወጣ ያዛል። አፈጻጸሙም በየዓመቱ በይፋ ስብሰባ ይታያል። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። አንዱ አባል ሪፖርቱ ሲቀርብ ራሱን ነቅንቆ ያሳልፈዋል። ሌላው “የትኛው ትምህርት ቤት ነው ወደ ኋላ የቀረው? እንግሊዝኛ ገና የሚማሩት ልጆችስ? ለእነሱ ምን በጀት ያዝን?” ይላል። ማንበብ ሳይችል 4ኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይንሱንም ታሪኩንም ለመከታተል ይቸገራል። ስለዚህ ያቺ ጥያቄ የንባብ አስተማሪ መቀጠሩን ወይም አለመቀጠሩን ልትወስን ትችላለች። መልሱ ካላረካው ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ መልሶ ይጠይቃል። እንዲህ የሚወተውት ሰው ነው ለልጆች የሚበጀው።

“እንግሊዝኛዬ አይረባም፣ ዜጋም አይደለሁ፣ ማን ይሰማኛል?” ለመምረጥና ለመመረጥ ዜግነት ግድ ነው፤ ለመናገር ግን አይደለም። ስብሰባው ክፍት ነው፣ አጀንዳውም አስቀድሞ ይለጠፋል። በአጀንዳው ላይ ባለ ጉዳይ ማንኛውም ሰው ቦርዱ ከመወያየቱ በፊት ወይም ሲወያይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው። በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ደግሞ ሕጉ ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለሌላው 3 ደቂቃ ከሆነ ለእሱ 6 ማለት ነው። ብዙ ቦታ አስቀድሞ ስም ማስመዝገብ ስለሚያስፈልግ፣ አጀንዳው እንደወጣ ወደ ዲስትሪክቱ ቢሮ ደውለው እንዴት እንደሚመዘገቡ ይጠይቁ።