የጀልባ ሻፍት ስለመቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጣና ዳር የቆየች የእንጨት ሞተር ጀልባ ያለው ሰው አንድ ቀን «ሻፍቷ ተበልቷል፣ ይቀየር» መባሉ አይቀርም። ሻፍት የምንለው ከካምቢዮው ተነስቶ፣ በጀልባዋ ኋላ ውሃ ውስጥ ወጥቶ ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ረጅም ዘንግ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ዘንጉን ይቀይርና የበላውን ነገር እዚያው ይተወዋል። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይበላል። ለዚህ የሚዳርጉን አባባሎች አሉ።

«ጣና ጨው የለበትም፣ ብረት አይበላም»

ግማሹ እውነት ነው። ዝገቱ እንደ ባሕር ውሃ አይፈጥንም። የጣና ችግር ግን አፈሩ ነው። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ይገባሉ። ደቃቁ አሸዋ በሻፍቱና ሻፍቱ በሚሽከረከርበት የጎማ ቡሽ መሀል ይገባል። ጎማው ውስጥ ይሰነቀርና ብረቱን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

ሻፍቱን አውጥታችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ጥፍራችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡበት። አብዛኛው ቦታ ልስልስ ነው። ቡሹ የተቀመጠበት ጋ ሲደርስ ጥፍራችሁ ይወድቃል። ውሃ የሚከለክለው ፓኪንግ የሚጠመጠምበት ጋም እንደዚያው። እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ከሆነ የተበላው፣ ጥፋተኛው ውሃው ሳይሆን እዚያ ያለው ነገር ነው።

እግረ መንገዳችሁን ከቡሹ ፊት ያለውን እዩ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሥሩ፣ የተቆረጠ የዓሣ መረብና ሲባጎ አብረው ይጠመጠማሉ። ውሃ ወደ ቡሹ እንዳይገባ ይዘጋሉ። ቡሹን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ውሃ ነውና ሲደርቅ ይቃጠላል። «ግሪስ እንቀባው» የሚልም አለ። ግሪስ የውሃውን ቦይ ይደፍናል፣ አሸዋውንም ይዞ ያስቀራል። ቡሹ ውስጥ ግሪስ አይገባም።

«አይዝጌ ብረት ከሆነ ምንም አይሆንም»

አይዝጌ ብረት ራሱን የሚጠብቀው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ጀልባዋ ለብዙ ወራት ከቆመች በፓኪንጉ ሥር ያለው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል። እዚያ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጉድጓዶች ይወጣሉ። ሥራ የሌለበት ወቅት ቢሆንም ጀልባዋን አልፎ አልፎ አስነስቶ ማንቀሳቀስ ይጠቅማል።

«የተበላውን በብየዳ ሞልቶ ቶርኖ ቤት ማስላጥ ይበቃል»

ይህ የሚያሰጋኝ ነው። የብየዳው ሙቀት ዘንጉን ያጣምማል። የብየዳው ጠርዝም ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ሻፍቱ ከፓኪንጉ ውጭ ከተሰበረ ፕሮፔለሩ ከቁራጩ ጋር ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል። ቁራጩ ከወጣ ቀዳዳው ክፍት ይቀራል። ጀልባዋ ወደ ደቅ መንገድ ላይ ከሆነች፣ ተሳፋሪና ጭነት ይዛ፣ ውሃው በዚያ በኩል ነው የሚገባው። ለዚህ ሲባል የሚቆጠብ ገንዘብ የለም።

አዲስ ማስቀረጽ ይሻላል። ጥሩ ቶርኖ የሚያዞር ባለሙያ ይሠራዋል፣ ግን ትክክለኛውን ልኬት ከሰጣችሁት ነው። ውፍረቱን ካልተበላው ቦታ ለኩ። አለበለዚያ የተበላውን ሻፍት ነው የምታስገለብጡት። ፕሮፔለሩንም ይዛችሁ ሂዱ። የሻፍቱ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድበት ልክ በሜትር ሥርዓት ብዙ ጊዜ 1 ለ10፣ በኢንች ሥርዓት ደግሞ 1 ለ16 ነው። ዓይን አይለየውም። ጫፉን ስስ ቀለም ቀቡት፣ ፕሮፔለሩን ገፍታችሁ አስገቡትና መልሳችሁ አውጡት። ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ከተነካ ገጥሟል። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ አልገጠመም።

ፕሮፔለሩን የሚይዙት ሁለት ዳዶዎችም አሉ። ብዙ ቦታ ወፍራሙ ከውስጥ፣ ቀጭኑ ከውጭ ታስሮ ታያላችሁ። ትክክሉ ተቃራኒው ነው። ቀጭኑ ፕሮፔለሩን ይነካል፣ ወፍራሙ ከላዩ ይመጣል። ሁለተኛው ሲጠብቅ ሸክሙን የሚወስደው እሱ ስለሆነ፣ ብዙ ጥርስ ያለውም እሱ መሆን አለበት።

«ቡሹ ገና ነው፣ ሻፍቱ ብቻ ይቀየር»

ፕሮፔለሩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሻፍት 1.5 ሚሊሜትር ያህል ከተጫወተ ቡሹም አልቋል። አንድ ላይ ቀይሯቸው።

«ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በደንብ አልተሠራም»

በገመድ ፓኪንግ የሚሠራ ጀልባ ሻፍቱ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ማንጠባጠብ አለበት። ጠብታው ነው የሚያቀዘቅዘው። እስኪደርቅ ካጠበቃችሁት አዲሱ ሻፍት ላይ አዲስ ቦይ ትቆፍራላችሁ። ዘጌ ደርሳችሁ ሞተሩ ሲጠፋ የፓኪንጉን መያዣ በእጅ ንኩ። ለብ ካለ ጥሩ ነው፣ ካቃጠለ አላሉት።

«የብስ ላይ እያለች መስመሩን አስተካክሎ መጨረስ ነው»

ብዙ አዲስ ሻፍት የሚበላሸው በዚህ ነው። የእንጨት ጀልባ የብስ ላይና ውሃ ላይ አንድ ዓይነት ቅርጽ የላትም። የብስ ላይ ክብደቷ የተቀመጠችባቸው ግንዶች ላይ ነው። ውሃ ላይ ግን ሆዷን ሁሉ ውሃው ይደግፈዋል። እንጨቱም ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። የብስ ላይ ቀጥ ብሎ የታሰረ ሻፍት ውሃ ላይ ሲገባ ተገፍቶ ይገኛል። ከዚያ በእያንዳንዱ ዙር ቡሹን በአንድ ጎን ይሞርዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ በግምት እሰሩ። ጀልባዋን ውሃ ላይ አውርዳችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ተዉአት። ነዳጁንና የተለመደውን ዕቃ ጫኑ። ከዚያ ካምቢዮውንና ሻፍቱን የሚያገናኙትን ሁለት ፍላንጆች ፈትታችሁ አቀራርቡ። ሻፍቱ በክብደቱ እንዳይንጠለጠል ደግፉት። ክፍተቱን በስስ መለኪያ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ለኩ። 100 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፍላንጅ ላይ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የምታንቀሳቅሱት ሞተሩን ነው። ሻፍቱን በብሎን ስቦ ማስገጠም የለም።

ጀልባዋን ለማውጣት ሐይቁ የሚቀንስበት ግንቦት ይመቻል። ፀሐዩ ግን ሳንቃውን አድርቆ ይከፍተዋልና እርጥብ ጆንያ አልብሷት፣ ሥራውንም አፍጥኑት። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ ደግሞ የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች አጥብቁ። ከሥራቸው ያለው እንጨት ይጨመቃልና ክፍተቱንም እንደገና ለኩ።