ሐረር ቤት ልጠብቅ ስል የሰማኋቸው ወሬዎች እና እውነታው

ያለፈውን ክረምት ያሳለፍኩት ሐረር፣ ጁገል በሚባለው በግንብ በታጠረው የጥንቱ ከተማ ውስጥ ነው። የአክስቴ ወዳጆች አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ቤታቸውንና ሁለት ድመቶቻቸውን ለሁለት ወር በአደራ ሰጡኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ክረምት እረፍቴ ነው። ታዲያ ልሄድ ነው ስል ያልመከረኝ ሰው የለም፣ ምክሩ ደግሞ አብዛኛው ውሸት ሆኖ ተገኘ።

«ሙቀቱ ይገድልሃል።»
እሱ ድሬዳዋ ነው። መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ምናምን ቢሆን ነው፣ ግን ድሬ ቆላ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር ላይ የተቀመጠች ወይና ደጋ። ወሬውን አምኜ ሹራብ ሳልይዝ ሄድኩና ሐምሌን ማታ ማታ የባለቤቱን ጋቢ ተከናንቤ ከረምኩ። ሳላስፈቅድ።

«ነፃ ሆቴል አገኘህ!»
ይሄኛው ነው የሚያስቀኝ። ቤቱ ጌይ ጋር ነው፣ የጥንቱ የሐረሪዎች ቤት። ሳሎኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፣ ነደባ ይባላሉ፣ የትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ቦርሳዬን ወርውሬ ዘፍ ያልኩት አሚር ነደባ ላይ ነበር፣ የአባወራው ቦታ መሆኑን የነገሩኝ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ናቸው፣ ያውም እንባቸው እስኪመጣ ከሳቁ በኋላ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሳህንና ስፌት ነው፣ አንድ በአንድ አቧራው ይራገፋል። ምስማር መምታት አይታሰብም፤ ጁገል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሮጦ ወጥቶ የውሃ መውረጃውን ከቅጠል ማጽዳት አለ፣ ያ ካልተደረገ ውሃው ጣሪያው ላይ ይተኛና ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የቧንቧ ውሃ ሲመጣ ደግሞ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ይሁን፣ ተነስቶ ጀሪካን መሙላት ነው። ሆቴል እንዲህ ነው እንዴ?

«ብቻህን ትሰለቻለህ።»
በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ልጆች ስሜን ያውቁ ነበር። ጎረቤት ሳይጠራኝ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ አንዴ ምሳ፣ አንዴ በርጫ። ለሠርግና ለሐዘን የሚደራጁበት አፎቻ ያላቸው ሰዎች እኮ ናቸው፣ እንግዳ ብቻውን አይተዉም።

«ጅቡ ለማዳ ነው፣ አትፍራ።»
ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሰው በእጁ፣ አንዳንዴም በአፉ በያዘው እንጨት ሥጋ ሲያጎርሳቸው ያየ ሁሉ እንዲህ ይላል። አውሬ ግን አውሬ ነው። ግንቡ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ፣ ሌሊት ገብተው ጥራጊውን ያጸዳሉ፣ የከተማው ሰውም አይነካቸውም። ስለዚህ ድመት ከመምሸቱ በፊት ቤት ትገባለች። አንድ ማታ ትንሿ ቀረችብኝ። ያን ሌሊት ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እየተነሳሁ በር ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ አነጋሁ። ጎህ ሲቀድ ከጎረቤት ጣሪያ ወረደችና አከራይ ተከራይን እንደምታይ አየችኝ።

«ድመት ወተት ካገኘች በቃት።»
ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት በደንብ አይፈጭላቸውም፣ ያስቀምጣቸዋል። እንዴት አወቅክ አትበሉኝ፤ ምንጣፉን ሁለት ቀን አጥቤያለሁ። የወጥ ትራፊም አይሆንም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደማቸውን ይጎዳል። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋና ንጹህ ውሃ ስሰጣቸው ተስማማን።

«ታዲያ ድመቶቹን ይዘዋቸው አይሄዱም?»
ድመት ከሰው ይልቅ ቦታ ትለምዳለች። እዛው ቤቷ ሰው ቢመጣላት ይሻላታል።

«ስንት ከፈሉህ?»
ምንም። አደራ ነው። ሲመለሱ የሐረር ቡና በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ፣ እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ፣ ስለ ጋቢው ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።