ስልካችን ውስጥ ስላለው ትንሽ ሌዘር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፊት አይተው የሚከፈቱ ብዙ ስልኮች ውስጥ ቪክሴል የሚባል ሌዘር አለ። ብርሃኑ የሚወጣው ከቺፑ ጠርዝ ሳይሆን ከገጹ ወደ ላይ ነው።

«ስልኩ የሚያውቀን በተራ ካሜራ ነው።» እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይፎን 10 በቪክሴሎች ፊት ላይ ከ30,000 በላይ የማይታዩ የብርሃን ነጠብጣቦችን ይበትናል፤ የፊትን ቅርጽ የሚለካው በእነሱ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልኩ ሲከፈት በሌላ ስልክ የፊት ካሜራ ተመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ብልጭታ ይታያል።

«አፕል የፈጠረው ነው።» ሐሳቡ 40 ዓመት ይቀድማል። በ1977 ያፈለቀው በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው ኬኒቺ ኢጋ ነው። በ1979 የሠራው የመጀመሪያው ሌዘር የሚበራው በብርቱ ቅዝቃዜ ብቻ ነበር። በተራ ክፍል ሙቀት ሳያቋርጥ እንዲበራ ለማድረግ እሱና ባልደረቦቹ እስከ 1988 ደክመውበታል። ይህን ልፋት መርሳት ግፍ ይመስለኛል።

«ብርሃኑ ከጠርዝ የሚወጣውን ተራውን ሌዘር ቀጥ አድርጎ ማቆም ብቻ አይደል?» ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በተራው ሌዘር ብርሃኑ ረጅም መንገድ እየጎለበተ ስለሚሄድ፣ የተሰነጠቀው የክሪስታል ጫፍ 30 በመቶ ያህሉን ቢመልስለት ይበቃዋል። በቪክሴል ግን ብርሃኑ የሚጎለብትበት ንብርብር እጅግ ስስ ነው፤ በአንድ ምልልስ የሚያገኘው ጉልበት 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከላይም ከታችም ከ99 በመቶ በላይ የሚመልሱ መስታወቶች ያስፈልጉታል። መስታወቶቹ የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ሰሚኮንዳክተር እያፈራረቁ በመደርደር ነው፤ እያንዳንዱ ንብርብር ውፍረቱ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ሩብ ነው፣ ብዛታቸውም በአስሮች ይቆጠራል። ድካሙ ግን ይክሳል፦ ተራው ሌዘር የሚፈተነው ዌፈሩ (ቺፖቹ የሚሠሩበት ስስ የክሪስታል ሳህን) ከተሰነጠቀ በኋላ ሲሆን፣ ቪክሴሎች በሺዎች የሚቆጠሩት ገና ሳይቆረጡ እዚያው ይፈተናሉ። ዋጋው የረከሰው በዚህ ነው።

«ትንሽ ስለሆነ ደካማ ነው።» አንዱ ለብቻው ጥቂት ሚሊዋት ብቻ ይሰጣል፤ በመቶዎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን ዋቶች ይወጣቸዋል። በዳታ ማዕከል ደግሞ አንዱ ቪክሴል ብቻውን በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቢቶችን (የመረጃ ትንንሽ አሃዶችን) በፋይበር ይልካል።

«ዓይን ያጠፋል።» የስልኩ ብርሃን ኃይሉ ዝቅ ብሎ፣ ተበታትኖ ነው የሚወጣው፤ በተለመደው አጠቃቀም ዓይን አይጎዳም። የብርሃን መበተኛው ክፍል ከተሰበረ ግን ነገሩ ይለያል፤ አይፎን እንዲህ ያለ ጉዳት ሲያውቅ ሌዘሩን ሊያጠፋው ይችላል። ስልካችሁ ወድቆ ፊት መለየት ካቆመ፣ ያንን ክፍል እንዲሁ ባገኛችሁት ዕቃ አታስቀይሩት።