የእርግዝና ስኳር ምንድን ነው? ከማርገዝ በፊት የተጨመረ ኪሎስ ምን አገናኘው?

ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ ሙሽራ ሞላ ብላ ከታየች «ትዳር ተስማማት» ትባላለች። ሙገሳ ነው፣ ማንም በክፉ አይለውም። ልጅ ካሰበች ግን ሐኪሟ ያንኑ ኪሎ በሌላ ዓይን ያየዋል።

የእርግዝና ስኳር የሚባለው ከዚያ በፊት ስኳር ያልነበረባት ሴት ነፍሰ ጡር ሆና የደሟ ስኳር ከልክ ሲያልፍ ነው። መነሻው እንግዴ ልጁ ነው። የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናትየው ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን) በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ይህ በነፍሰ ጡር ሁሉ ላይ ይደርሳል። የአብዛኞቹ ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመረተ ይቋቋመዋል። ሲያቅተው የደም ስኳሩ ከፍ ይላል።

ኪሎው የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በተለይ ሆድ አካባቢ የተጠራቀመ ስብ እርግዝና ሳይኖርም የኢንሱሊንን ሥራ ያከብዳል። ቆሽት ሲለፋ ከርሞ፣ እርግዝናው ሌላ ሸክም ይደርብበታል።

ብዙ ሰው «እኔ መች ወፍራም ሆንኩና» ይላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት ከ52 ኪሎ ወደ 62 ብትደርስ በቁመትና ክብደት ሰንጠረዡ አሁንም ጤናማ ክብደት ላይ ናት። ሆኖም ከማርገዟ በፊት በነበሩት ዓመታት ብዙ የጨመረች ሴት ኪሎዋ ካልተለወጠው ይልቅ ትጋለጣለች። በሁለት ልጆች መካከልም ያው ነው። የአራስ ቤቱ ገንፎና ቅቤ ያመጣው ሳይወርድ ሁለተኛው ይረገዛል።

የእኛ ከተማ ደግሞ ለዚህ ትመቻለች። ጠዋት ፈጢራ በማር፣ ከሰዓት በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ለስላሳ። አንዱ ጠርሙስ ብቻ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ከታይዋን ገበያ ከዚራ ሰፈር በባጃጅ ነው፤ በቀትር በእግር ሂጂ ብሎ የሚመክር ራሱ ይሞክረው! አመሻሽ ላይ ግን በከዚራ ዛፎች ሥር መንሸርሸር ምንም አይል።

ኪሎ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። በቤተሰብ ስኳር ካለ፣ ዕድሜ ከገፋ ወይም በፊት ትልቅ ልጅ ከተወለደ ቀጭኗም ትያዛለች።

አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው ምርመራው ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ይደረጋል። በባዶ ሆድ ደም ይቀዳል። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውኃ ይጠጣል፤ በጣም ይጣፍጣል፣ አንዳንዷን ያቅለሸልሻታል። ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የእርግዝና ስኳር አለ ለማለት አንዱም ይበቃል።

ስኳሩን ካልተቆጣጠሩት ልጁ ከመጠን በላይ ይተልቃል፣ ምጡ ይከብዳል፣ ኦፕራሲዮን ሊመጣ ይችላል። ሕፃኑም እንደተወለደ የራሱ ስኳር ሊወርድበት ይችላል። ብዙዎቹ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ይቆጣጠሩታል፤ ሌሎቹ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ እናትየው ግን በኋላ ዕድሜዋ ለዓይነት 2 ስኳር በጣም የተጋለጠች ናት። ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ትመረመራለች። ልጁ በ6ኛው ሳምንት ክትባት አለው፤ ያን ቀን ቁርስ ሳትበላ ብትሄድ የራሷንም አብራ ታስለካለች።