ፕሮቲን መለያ ጄል፦ አሠራሩ፣ ማሻሻያውና አያያዙ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ፕሮቲኖችን አንዱን ከሌላው ለመለየት ዋነኛው መንገድ የኮለም ክሮማቶግራፊ ነው። ኮለሙ፣ ማለትም ፈሳሽ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ውስጥ የሚታጨቀውን ነገር ባለሙያዎች ጄል ወይም ሬዚን ይሉታል። በማጉያ ሲታይ ግን ውሃ የጠጣ ጥቃቅን ዶቃ ነው። አብዛኛው ከባሕር አልጌ ከሚወጣ አጋሮዝ የሚሠራ ሲሆን የተለመደው ዶቃ ስፋት በአማካይ 90 ማይክሮሜትር ግድም፣ የጤፍ ፍሬ አንድ አሥረኛ ያህል ነው።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። በ1956 ፒተርሰንና ሶበር የኤሌክትሪክ ቻርጅ የተጣበቀበት ሴሉሎስ ፕሮቲን እንደሚለይ አሳዩ፤ በ1959 ፖራትና ፍሎዲን በስዊድን ከዴክስትራን (ከስኳር ሰንሰለት) የተሠራውን ጄል አቀረቡ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አጋሮዝ ከዚያ ቀጥሎ መጣ፤ እስካሁንም ቦታውን አልለቀቀም።

ጄል ማሻሻል ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው የዶቃው መጠን ነው። ፕሮቲን በዶቃው ቀዳዳዎች የሚገባው በዝግታ ነው። ዶቃው ከ90 ወደ 45 ማይክሮሜትር ቢወርድ ለመግቢያ የሚፈጀው ጊዜ ወደ ሩብ ይቀንሳል። በዚያው ፍሰት የሚያስፈልገው ግፊት ግን አራት እጥፍ ያድጋል፤ ለስላሳ ዶቃ ይጨፈለቅና ኮለሙ ይዘጋል። ስለዚህ ማሳነሱን ማጠንከር ይቀድመዋል። አጋሮዙን ከ4 ወደ 6 በመቶ ማወፈር ያጠነክረዋል፣ ቀዳዳውን ግን ያጠባል። በኤፒክሎሮሃይድሪን ማስተሳሰር የተሻለ ነው፤ ኬሚካሉ መርዛማና ለካንሰር የሚጠረጠር ስለሆነ ጭስ ከሚስብ ሳጥን ውጭ አይከፈትም። ፕሮቲን የሚይዘውን የዶቃውን ቻርጅ ማብዛት ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ ግን የጀማሪ ስህተት ነው፦ ፕሮቲኑ የቀዳዳው አፍ ላይ ይጣበቅና ለተከታዩ መንገድ ይዘጋል፣ ሲላቀቅም ብዙ ጨው ይጠይቃል።

ዶቃውን እዚሁ ለመሥራት የሚያስብ ከከፍታው ጋር ይታገላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለሚያልፉ ውሃ በ92 ወይም 93 ዲግሪ ይፈላል። 6 በመቶ አጋሮዝ በክፍት ድስት ሲሞቅ ያልሟሟ እንክብል ይቀርበታል፤ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያሞቅ ዕቃ) ውስጥ ከገባ ግን ጥርት ይላል። የሟሟው አጋሮዝ 60 ዲግሪ ገደማ በሞቀና ስፓን 80 (ጠብታዎቹ እንዳይጋጠሙ የሚያደርግ ኬሚካል) በተጨመረበት የፓራፊን ዘይት ውስጥ እየተማሰለ ይፈስሳል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይቀዘቅዛል። ማማሰያው ሲፈጥን ዶቃው ያንሳል። ዘይቱ ቀድሞ ከቀዘቀዘ ጓል ይሆናል፣ ያንን የሚያድን ወንፊት የለም።

በደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂና በቂሊንጦ በኩል፣ ሌላው ፈተና ውሃው ነው። የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ስላለበት ፎስፌት ቡፈር (የአሲድነት መጠንን፣ ማለትም ፒኤችን፣ የሚያጸና የጨው ውሃ) ውስጥ ሲገባ ነጭ ደለል ሊጥል ይችላል፤ ደለሉም የኮለሙን ማጣሪያ ይደፍናል። ማዕድኑ የወጣለት (ዲአዮናይዝድ) ውሃ ብቻ ይጠቀሙ፤ ቡፈሩንም በ0.45 ማይክሮሜትር ያጣሩ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ቡፈር ክፍሉ ሙቀት ሲደርስ አየር ስለሚለቅ ኮለም ውስጥ አረፋ ይፈጥራል። ቀድሞ ማስተንፈስ ይሻላል።

ጄል ለመፈተን የእንቁላል ነጭ ያህል ርካሽ ነገር የለም። የአንድ እንቁላል ነጭ 30 ሚሊ ሊትር ግድም ነው፤ በሦስት እጥፍ 20 ሚሊሞላር ፎስፌት፣ ፒኤች 8፣ ይቀጥናል። ሲቀጥን ክር ክር የሚል ነገር ይወጣል፤ ኦቮሙሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ በሻሽና በሴንትሪፊውጅ መወገድ አለበት፤ አለበለዚያ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ኮለሙን ይዘጋል። ቀሪው ኤስፒ ጄል (አሉታዊ ቻርጅ ያለውና አዎንታዊውን ፕሮቲን የሚይዝ) ላይ ይፈስሳል። የዋነኛው የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን፣ የኦቫልቡሚን፣ ገለልተኛ ነጥብ (ጠቅላላ ቻርጁ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች) 4.5 ግድም ስለሆነ እዚህ ፒኤች ላይ አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ሳይጣበቅ ያልፋል። የላይሶዛይም 11 ግድም ነው፤ ስለዚህ አዎንታዊ ቻርጅ ይዞ ይጣበቃል፣ በ0.5 ሞላር ጨው (በሊትር 29.2 ግራም) ይወርዳል። ላይሶዛይም ከእንቁላሉ ነጭ ፕሮቲን ከሦስት እስከ አራት በመቶ ብቻ ስለሆነ ከአንድ እንቁላል የሚጠበቀው 100 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ለዚህ 10 ሚሊ ሊትር ጄል ከበቂ በላይ ነው።

አሞላሉ ላይ ብዙ ጥሩ ጄል ይበላሻል። ዶቃው በቡፈር ተበጥብጦ፣ ጄሉ ከድብልቁ 50 እስከ 70 በመቶ ሲሆን፣ በመስታወት ዘንግ ተመርቶ ባንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ በየተራ ከፈሰሰ በንብርብር ይተኛል። ስፋቱ 1.6 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አልጋ (ኮለም ውስጥ የታጨቀ ጄል፣ 20 ሚሊ ሊትር) 5 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ማለት በሰዓት 150 ሴንቲ ሜትር ነው። ጄሉ የሚታጨቀው ግን ከዚያ በሚፈጥን ፍሰት ነው። ከዚያ አሞላሉን ለመፈተን 0.2 ሚሊ ሊትር የ2 በመቶ አሴቶን ይገባና በ280 ናኖሜትር ይታያል፤ የሚወጣው ጫፍ ጭራው የረዘመ ከሆነ አልጋው ተሰንጥቋል ወይም ላይኛው አናት ላይ ክፍተት አለ።

ከሥራ በኋላ ጄሉ በ2 ሞላር ጨው ይታጠባል፤ ፕሮቲን ተጣብቆ ከቀረ 0.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈስበታል። ይህን እንደ ኤስፒ ያለው ጄል ይችለዋል፤ ፕሮቲን የተጣበቀበት ጄል፣ ለምሳሌ ፕሮቲን ኤ (ፀረ እንግዳ አካል የሚይዝ ፕሮቲን) ያለው፣ ግን ሁሉም ዓይነት አይችለውም። ጄል መድረቅ የለበትም፤ በረዶ እስኪሆን ድረስም አይቀዘቅዝም። የሚቀመጠው በ20 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ነው፦ ከ96 በመቶው አልኮል 208 ሚሊ ሊትር ወስዶ በውሃ 1 ሊትር መሙላት ይበቃል። ጨው ያለበትን ኮለም በቀጥታ ወደ አልኮል ማስገባት ግን ጨው እንዲረጋ ያደርጋል፤ መሃል ላይ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ።