ክፍት የመንግሥት ዳታ ምንድን ነው? መሥሪያ ቤቶችስ ራሳቸው ለምን ይጠቀሙበታል?

ክፍት የመንግሥት ዳታ መንግሥት በዕለት ተዕለት ሥራው የሰበሰበው፣ ማንም ሳይከፍልና ሳያስፈቅድ ለፈለገው ሥራ እንዲያውለው የተለቀቀ መረጃ ነው። ካርታ፣ በጀት፣ የሕዝብ ቆጠራ ውጤት፣ የዝናብና የሙቀት መዝገብ፣ የንግድ ፈቃድ ዝርዝር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የሰዎች የሕክምና ካርድ ወይም የግብር ፋይል አይገባም።

ድረ ገጽ ላይ መለጠፉ ብቻውን በቂ አይደለም። ስካን ተደርጎ የወጣ ሠንጠረዥ ለዓይን ይታያል እንጂ ኮምፒውተር በቀጥታ ሊደምረው አይችልም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደገና ሊጽፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ካሊፎርኒያ፣ ሰባስቶፖል ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች 8 መርሆች አውጥተዋል። ዳታው የተሟላ፣ ወቅቱን የጠበቀ፣ ኮምፒውተር የሚያነበው ይሁን የሚሉት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አሜሪካ በ2009፣ እንግሊዝ በ2010 ብሔራዊ የዳታ ፖርታል፣ ማለትም የመንግሥት ዳታ በአንድ ላይ የሚለቀቅበት ድረ ገጽ፣ ከፈቱ።

ስለ ክፍት ዳታ ሲወራ ቶሎ የሚነሱት ጋዜጠኞች፣ ተመራማሪዎችና አፕ ሠሪዎች ናቸው። ብዙ የማይወራለት ተጠቃሚ ግን ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ሌላው ዘንድ ያለ መረጃ ሲፈልግ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ከክፍል ወደ ክፍል ይመራል። አንዳንዴ ውል ይፈረማል፣ ክፍያም ይጠየቃል። ይህ ሲያሰለቸው የራሱን መዝገብ ይጀምራል። ውሎ አድሮ ለአንድ ከተማ ሦስት አራት የማይጣጣሙ የአድራሻ ዝርዝሮች ይፈጠራሉ። አምቡላንሱ በአንዱ፣ ፖሊሱ በሌላው ይሄዳል።

ዴንማርክ በ2002 ይፋዊ የአድራሻ ዳታዋን ለሁሉም በነጻ ለቀቀች። በ2010 የወጣ ጥናት ከ2005 እስከ 2009 የተገኘውን ቀጥተኛ ጥቅም 62 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ወጪውን ደግሞ 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አድርጎ ገምቷል። ከጥቅሙ ሲሶ የሚጠጋው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ እንደሚሆንም ተገምቷል።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚማርከኝ የቺካጎ ሥራ ነው። ከተማዋ ከ15,000 በላይ የምግብ አገልግሎት ቦታዎች አሏት፤ የጤና ተቆጣጣሪዎቹ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ታዲያ የቱ ጋ ቀድሞ ይኬድ? የከተማዋ ባለሙያዎች ፖርታሏ ላይ ያለውን ዳታ አንድ ላይ አምጥተው ጉድለት ሊገኝበት የሚችለው የትኛው ቦታ እንደሆነ በኮምፒውተር አሰሉ። የቀድሞ ጥፋቶች፣ የንግድ ፈቃድ፣ በአካባቢው ስለ ቆሻሻ የቀረበ አቤቱታ፣ የሰሞኑ ሙቀት ሁሉ ተካተተ። እያንዳንዱ ቁራጭ የተለያየ ክፍል ለራሱ ሥራ የመዘገበው ነው። በ2014 ለ2 ወር ሲሞከር ከባድ የንጽሕና ጉድለቶች በአማካይ ከ7 ቀን በላይ ቀድመው የሚገኙበት የጉብኝት ቅደም ተከተል ተገኘ። አዲስ ተቆጣጣሪ አልተቀጠረም። በዚያ ሳምንት ውስጥ ስንት ሰው ከመታመም ሊተርፍ እንደሚችል ማሰብ ነው። የስሌቱ ኮድም ሌሎች ከተሞች እንዲወስዱት በይፋ ተለቋል።

ሌላም ጥቅም አለ። ዳታውን ብዙ መሥሪያ ቤት ሲጠቀምበት ስሕተቱ ቶሎ ይታያል፤ ከምንጩም ይታረማል። በእኔ እምነት የአንድ ፖርታል ጤንነት የሚለካውም እዚህ ላይ ነው። ዳታውን የለቀቀው መሥሪያ ቤት ራሱ ከዚያው ፖርታል የሚሠራ ከሆነ ዳታው ይታደሳል። ለራሱ ሌላ የተሻለ ቅጂ ደብቆ ከያዘ ግን ፖርታሉ ላይ ያለው አርጅቶ ይቀራል።

ጥንቃቄው የግል ምስጢር ላይ ነው። በ2014 ኒውዮርክ ውስጥ የወጣ የታክሲ ጉዞ ዳታ ላይ የታክሲዎቹ መለያ ቁጥር ተሸፍኖ ነበር። ሽፋኑ ግን ደካማ ስለነበር በቀላሉ ተፈታ። ስምን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ዳታው ከሌላ ዳታ ጋር ሲገጣጠም ምን እንደሚያወጣም አስቀድሞ መፈተሽ አለበት።

ከየት ይጀመር ለሚል መሥሪያ ቤት፣ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በደብዳቤ ደጋግመው የሚጠይቁትን ዳታ አስቀድሞ ቢለቅ ጥሩ ነው። የደብዳቤ መዝገቡን ገልጦ ማየት ይበቃዋል።