ፊልምን ከሙቀት መጠበቅ፦ ከዓባይ በረሃ እስከ ባሕር ዳር

ጎጃም ውስጥ የፎቶ ካሜራ ፊልም የሚያበላሸው የአገሩ አየር አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እንጅባራም ደጋ ናት። ሰው ጋቢ ደርቦ በሚያመሽበት ቦታ ጥቅል ፊልም መሳቢያ ውስጥ ጥቂት ወራት ቢቆይ ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ከመንገዱና እቃው ከሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ፊልም ጄላቲን ውስጥ የተበተነ የብር ጨው ነው። ሙቀት ሲበዛበት ብርሃን ሳያየው ራሱ መለወጥ ይጀምራል፣ ሲታጠብም ምስሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። ባለቀለም ፊልም ይብስበታል፤ ሦስቱ የቀለም ንብርብሮች እኩል ስለማያረጁ ነጭ ነጠላ ነጭነቱን ያጣል፣ የፊት ቀለምም ይዛባል። ጥቁርና ነጭ የተሻለ ይችላል። አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) 800 የሆነ ፊልም ደግሞ ከ100 ቀድሞ ይጎዳል። ኮዳክ ኩባንያ ፖርትራ የተባለውን ባለቀለም ፊልሙን በ21 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች አስቀምጡ ይላል።

አሁን መንገዱን አስቡት። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከጎሃ ጽዮን በኋላ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ድልድይን ይሻገርና ወደ ደጀን ይወጣል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከደጋ ወደ ቆላ መግባት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በረሃው ይፋጃል። ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ሸራ ለብሶ ፀሐይ ከመታው፣ ወይም መኪናው እዚያው ተበላሽቶ ከቆመ፣ ፊልሙ የሚያገኘው ሙቀት ተሳፋሪው ከሚሰማው በጣም ይበልጣል። ውጭው 30 ዲግሪ ሆኖ የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ከቆመ ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ45 ሊያልፍ ይችላል። ዳሽቦርድ ላይ ከሆነማ አይነሳ።

ስለዚህ ፊልም ከሰው ጋር ይጓዝ። ጋቢና ከተቀመጣችሁ ሞተሩ አጠገብ አታድርጉት፣ ፀሐይ የማይመታው ወገን ፈልጉ። ከነማሸጊያው በሹራብ ጠቅልላችሁ ቦርሳው መሀል ብትከቱት ሙቀቱ ቶሎ አይደርስበትም። ጉዞው ረጅም ከሆነ አንድ ሃይላንድ ውሃ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዛችሁ፣ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አድርጉ፤ ፊልሙ ግን በደንብ የታሰረ ፌስታል ውስጥ ይሁን፣ በረዶው አይንካው። በአውሮፕላን ለሚመጣ ደግሞ በእጅ መያዝ ይሻላል፣ የሻንጣ መፈተሻው ራጅ ጠንካራ ነውና ያልታጠበ ፊልም ያበላሻል።

ቤት ውስጥ ትልቁ ጠላት ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ የተቀመጠ ፊልም ቀኑን ሙሉ ይጋገራል። ዝቅ ያለ ቦታ፣ ከተቻለም የጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል ይመረጣል። ፍሪጅ ካለ ከሁሉም ይሻላል፣ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ውስጥ ይግባ። መብራት ሲጠፋ በሩን ባለመክፈት ቅዝቃዜውን ማቆየት ይቻላል። ስታወጡት ግን አትቸኩሉ፤ ማሸጊያውን ሳትከፍቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠብቁ፣ ከበረዶ ቤት ከወጣ ደግሞ ብዙ ሰዓት። አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ፖላሮይድ (ወዲያው ፎቶ የሚሆነው ፊልም) በረዶ ቤት አይገባም፣ ኬሚካሉ ይበላሻል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከደብረ ማርቆስ ትሞቃለች። ክረምት ሲገባ ሙቀቱ ይቀንስና እርጥበቱ ይተካል፣ ሻጋታ ደግሞ ጄላቲን ይበላል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት፣ ለዚህ ትሆናለች። የቆዩ የቤተሰብ ኔጌቲቮችም (ፎቶ የሚታተምባቸው የታጠቡ ፊልሞች) ይህ ይመለከታቸዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ከጀመሩ ፕላስቲኩ ራሱ መፍረስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡና ቶሎ ስካን አስደርጉ። ብዙ ቤት የአያትና የቅድመ አያት መልክ የቀረው እነዚያ ላይ ብቻ ነው፣ እባካችሁ ችላ አትበሏቸው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፎቶ የተነሳበትን ፊልም ነው። ተነስቶ ያልታጠበ ፊልም ካልተነሳው ይልቅ ስስ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያነሳ ሰው ጥቅሉን ካሜራው ውስጥ እስከ ሚያዝያ ማቆየት የለበትም። በአካባቢው የሚያጥብ ፎቶ ቤት ከሌለ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ስጡት። «ያልታጠበ ፊልም፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት፣ ለተቀባዩም መድረሻ ሰዓቱን ደውላችሁ ንገሩት።